ጋጣ ጠባቂውን ያደስንበት ደጀ ሰላም

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። መሐል ሜዳ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ስልክ የምጠግንባትና በሚሞሪ ካርድ ዘፈንና መዝሙር የምጭንባት ጠባብ ሱቅ ነበረችኝ። ፕሮግራም መጻፍ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ከኢንተርኔት ያወረድኩትን ትምህርት እያነበብኩ፣ እየተሳሳትኩ ለመድኩት እንጂ።

ያኔ የሠራሁትን አፕሊኬሽን «ጋጣ ጠባቂ» አልኩት። አሮጌ ስልክ ማታ ማታ ጋጣ ውስጥ ይሰቀላል፤ የጆሮ ማዳመጫው ገመድ ከበሩ ጋር ይታሰራል። ሌባ በሩን ሲከፍት ገመዱ ይነቀላል፤ ስልኩም ቤት ለተኛው ባለቤት ይደውላል። ይኸው ነው። ውስጡንም አልሸሸግኩም፤ የጻፍኩትን ኮድ ሁሉ አብሬ እሰጥ ነበር፣ የቻለ እንዲያሻሽለው።

የት ላውጣው? ደብረ ብርሃን የሚማረው ወንድሜ «የውጭው የአፕሊኬሽን መደብር ላይ አውጪው፤ ዓለም ያየዋል» ይለኛል።

«ዓለም ጋጣ አለው እንዴ?» አልኩት።

መደብሩ የሚጠይቀው የባንክ ካርድ አልነበረኝም፤ ደግሞስ በግ ያለው ሰው ኢንተርኔት ፍለጋ ጉብታ የሚወጣ ነው። ስለዚህ በሱቄ፣ ከመዝሙሩ ጋር፣ በነጻ እጭነው ጀመር። ከእኔ የወሰደ ለጎረቤቱ በብሉቱዝ ይሰጣል፤ ጎረቤቱ ለአማቹ። «ግሼ ወረዳ ድረስ ደረሰልሽ» ሲሉኝ ደስታዬን አልቻልኩትም።

ከዚያ ጉድለቱን አገኘሁ። ኔትወርክ ጠፍቶ ሲመለስ ጠባቂው በዚያው ዝም ይላል፤ ባለቤቱ ግን የተጠበቀ መስሎት ይተኛል። ወዲያው አስተካከልኩት፤ ነገር ግን የድሮው ማን ማን ጋ እንዳለ በምን አውቄ? ሰው እኔን አምኖ በጎቹን ቢያጣስ?

«አላልኩሽም? መደብሩ ላይ ቢሆን ራሱ ያድሰው ነበር» አለኝ ወንድሜ። እውነቱን ነው።

አጎቴ ጓሳን፣ ለዓመታት ተከልሎ ለአጨዳ ብቻ የሚከፈተውን የጋራ ሣር፣ ከሚጠብቁት ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው። ለገበያ ወጥተው ሱቄ ጎራ አሉና «ምነው፣ ዝናብ የመታት ዶሮ መሰልሽ?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«እና እነማን ጋ እንዳለ አታውቂም?»

«አላውቅም፣ ጋሼ።»

«ጓሳ ሲከፈት ሰዉን ቤት ለቤት እየዞርን የምንጠራ ይመስልሻል? ቅዳሴ ሲወጣ ደጀ ሰላም ላይ ይለፈፋል፤ የሰማ ላልሰማ ያሰማል። አንቺን ምን አገደሽ?»

«የስልክ ነገር ቤተ ክርስቲያን ደጅ ይለፈፋል እንዴ?»

«የበግ ነገር ነው እንጂ! በግ የሌለው ቄስ አሳዪኝ።»

ወሩ በገባ በሃያ አንድ፣ በማርያም ዕለት፣ እሳቸው ለፈፉ፤ እኔ አጥሩ ሥር ላፕቶፔን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ሰዉ ስልኩን ከጋቢው ሥር እያወጣ ከበበኝ። መጀመሪያ የመጡት መሪጌታው ናቸው። «አሁንስ አያንቀላፋም?» አሉኝ። «አያንቀላፋም፣ የኔታ።»

ዘመድ ጥየቃ ከግሼ የመጣች አንዲት ተማሪ ግን ስልኳን ከመስጠቷ በፊት የሰካችበትን የጆሮ ማዳመጫ ገመድ ነቀል አደረገችው። ስልኩ እንደ ውሻ ጮኸ! ለካ ውስጡን አንብባ የውሻ ድምፅ ጨምራበታለች።

«እኛ ቤት ውሻ የለማ፣ እትዬ።»

ሰዉ ሳቀ፤ ሁሉም «ለእኔም ውሻውን» አለ። የእሷን ውሻና የእኔን እርማት እዚያው አንድ ላይ አድርገን ጫንንላቸው። ዘንድሮም ቢሆን መጀመሪያ የት ታወጪው ነበር ብትሉኝ፣ እዚያው ደጀ ሰላም እላለሁ። የቀረኝ ሐሳብ ግሼ ያሉት የድሮዎቹ ነበሩ።

በሳምንቱ አጎቴ ፈረሳቸውን ጭነው፣ አዲሱን የያዘ ሚሞሪ ካርድ በመሐረብ ቋጥረው ግሼ ሄዱ። እዚያም ቅዳሴ ሲወጣ ለፈፉ።