ለእኔ ያልተደወለ ስልክ

ባሌ ሮቤ ውስጥ አንድ ግቢ ተከራይተን የምንኖር ሁለት የውሃ መሐንዲሶች ነበርን፤ እኔና ጓደኛዬ። እኔ ከደብረ ማርቆስ፣ እሷ ከሐዋሳ መጥተን አንድ ሰሞን ነው አንድ መሥሪያ ቤት የተቀጠርነው። ጠዋት በአንድ ባጃጅ እንሄዳለን፣ ማታ ከአንድ ትሪ እንበላለን። የሒሳብ ነገር ሲመጣ ግን ማን ከማን እንደሚበልጥ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። የቱቦ ግፊት ስታሰላ ግራ ከገባት ወረቀቷን ይዛ ወደ እኔ ትመጣለች። "እስቲ ይቺን እዪልኝ" ትላለች። አይላታለሁ። ያን ጊዜ በጣም ነበር የምወዳት።

ፍቅሬ መቀዝቀዝ የጀመረው ሁለታችንም ኃላፊ ስንሆን ነው። መሥሪያ ቤታችን ሁለት የውሃ መስመሮችን ባንድ ጊዜ ሊያሠራ ተነሣ። አንደኛው ከጎባ በላይ፣ ከተራራው ምንጭ ተጠልፎ ቁልቁል ወደ ስንዴ አምራቾቹ ቀበሌዎች የሚወርድ ነው፤ ሌላው በገሰራ በኩል ነው። የጎባው ለእኔ፣ የገሰራው ለእሷ ተሰጠ። ከዚያ በፊት አንድ ሾፌርና አንድ ሰርቬየር ከማዘዝ በቀር የመራነው ነገር አልነበረም። አሁን ኮንትራክተሩ፣ ቀበሌው፣ የመንገድ ሰዎች፣ ማሳው የሚቆፈርበት ገበሬ፣ ሁሉም ዓይኑን እኛ ላይ ጣለ።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ጎባ ላይ ለአዲስ ኃላፊዎች ሥልጠና ተሰጠን። አሠልጣኙ የጠየቀውን ሁሉ የመለስኩት እኔ ነኝ። የጊዜ ሰሌዳዬን ለሌሎች አርኣያ ይሁን ብሎ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ጓደኛዬ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፤ እሱም ስብሰባ ላይ አፉን የማይከፍትን ሰው እንዴት ማናገር እንደሚቻል ነበር። ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ሥራው ተጀምሮ ብዙም ሳይቆይ ግን ቤታችን ውስጥ የማያቋርጥ ነገር መጣ፤ የእሷ ስልክ። ራት ስንበላ ይጮኻል። ልብስ ስታጥብ ይጮኻል። ፎርማኑ ነው፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር ነው፣ አንዲት ገበሬ ናት። "ቱቦው ተሰነጠቀ"፣ "ድንበሩ ላይ ሁለት ወንድማማቾች ተጣልተዋል"፣ "ሲሚንቶው እርጥበት ነክቶታል"። እሷ ሳሙና በነካው እጇ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ "እሺ፣ እሺ፣ ከዚያስ?" ትላለች። የእኔ ስልክ ዝም። መጀመሪያ ላይ በዝምታው ኮራሁ። ሥራዬ ችግር የለበትም ማለት ነው አልኩ። ኋላ ግን መስመሬን ልጎበኝ ስሄድ ሠራተኞቹ እኔን ሲያዩ ወሬያቸውን እንደሚያቆሙ አስተዋልኩ። ገሰራ አንድ ቀን አብሬያት ስሄድ ደግሞ ሰዉ ከሩቅ እየጠራት፣ በአፋን ኦሮሞዋ እየሳቀ፣ እጇን ይዞ እየጎተተ ችግሩን ያሳያታል። ቋንቋውን ከእሷ ይልቅ እኔ ነኝ የምችለው። እሷ ሰላምታውን እንኳ አስተካክላ አትጨርስም። ቋንቋ ነው እንዳልል፣ እንግድነት ነው እንዳልል፣ ማመካኛ አጣሁ። የያዘኝ ነገር ቅናት መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ዘግይቶ ስለነበር ስንዴውም ዘግይቶ ደረሰ። በእኔ ሰሌዳ መሠረት ቁፋሮው ወደ ማሳዎቹ የሚገባው አጨዳው ካለቀ በኋላ ነበር፤ ሰሌዳው ያለው ቀን ደረሰና ቁፋሮው ገባ። አንድ ጠዋት ከጎባ ወረድ ብሎ ካለው ቀበሌ ስደርስ ኤክስካቫተሩ ቆሟል። ከፊቱ ገበሬዎች መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ከቦይው ወዲህ ሁለት የስንዴ ማጨጃ ኮምባይነሮች ሞተራቸውን አጥፍተው ተደርድረዋል። ከቦይው ማዶ ያልታጨደው ስንዴ እስከ ዓይን ጥግ ይታያል፤ ከሳነቴ ተራራ በኩል ደግሞ ደመናው እየጠቆረ ነው። የቆፈርነው ቦይ ኮምባይነሮቹ የሚያልፉበትን ብቸኛ መንገድ ቆርጦታል። ለዘር ያሰቡት፣ ለዓመት ያሰቡት እህል ማዶ ቀርቷል። ዝናብ ከቀደመው ይበሰብሳል።

"ማን ነው ይህንን ያላየ?" ብዬ ጮህኩ።

በዚህ መሃል የገሰራው መኪና አቧራውን እያስነሳ መጣ። ጓደኛዬ ወረደች። ተቀምጠው የነበሩት ሰዎች ተነሡ። ለእኔ ማንም አልተነሣም ነበር። ወደ ጎን ሳብ አደረገችኝ።

"አንቺን ደግሞ ማን ጠራሽ?" አልኳት።

"ሐጂ ደወሉልኝ። አማቻቸው ገሰራ ነው ያለው፣ ቁጥሬን ከሱ አግኝተው ነው። ላንቺ እንዲደውሉ ነግሬያቸው ነበር።"

ሐጂ የሚሏቸው ማሳቸው መንገዱ ዳር የሆነ ሽማግሌ ናቸው። ምንጩ የተጠለፈ ቀን ዱዓ ያደረጉልኝ እሳቸው ነበሩ።

"አልደወሉልኝም" አልኩ።

"እንግዲያው ለምን እንዳልደወሉ ጠይቂያቸው። ከፈለግሽ እኔ አሁኑኑ እመለሳለሁ። ሥራው ያንቺ ነው።"

ደግነቷ ይበልጥ አቃጠለኝ። ብትመለስ ሰዉ በእኔ ላይ ይጮኻል፤ ብትቆይ ደግሞ ሥራዬን ነጠቀችኝ ማለት ነው። ወደ ሽማግሌው ሄድኩ።

"ሐጂ፣ ለእኔ ለምን አልደወሉልኝም?"

ከዘራቸውን ወደ ሌላኛው እጃቸው አዛወሩ። "ልጄ፣ ባለፈው ስለ አጨዳው ላወራሽ ስመጣ 'ሐጂ፣ ሁሉም በፕላን ተይዟል' አልሽኝ። ፕላን ላለው ሰው ምን ይነገራል?"

ትዝ አለኝ። በጥሩ አፋን ኦሮሞ ነበር ያልኳቸው።

ወደ ቴክኒሻኔ ዞርኩ። በዕድሜ ከእኔ ከፍ የሚል፣ የሮቤ ልጅ ነው። ኮምባይነር የት እንደሚያልፍ ሳያውቅ ሊቀር አይችልም።

"አንተስ?"

"መስመሩ ላይ ስላጋጠመን ድንጋይ ስነግርሽ 'ችግር ይዘህ አትምጣ፣ መፍትሔ ይዘህ ና' ብለሽኛል። የኮምባይነሩ መፍትሔ አልነበረኝም። ዝም አልኩ።"

ያቺን አባባል ከሥልጠናው ነበር ያመጣኋት። ስናገራት ትልቅ ሰው የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ጓደኛዬ መኪናው ላይ ተደግፋ ቆማለች። ሁሉም እኔን ሳይሆን እሷን ነበር የሚያየው፤ እሷ ግን አቧራ የያዘውን ጫማዋን ትጠርጋለች። የዚያኔ፣ ከቁጭት ብዛት ይሁን ከድካም፣ መሬት ላይ ከሰዎቹ ጋር ተቀመጥኩና "እኔ አላውቀውም። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?" አልኩ።

መጀመሪያ የመጣው ስድብ ነው፤ ተቀበልኩ። ከዚያ አንዱ የኮምባይነር ሾፌር ቦይውን ማለፊያዎቹ ላይ ብቻ በአፈር ሞልተን እንድንጠቀጥቀው ሐሳብ አቀረበ። የእኔ ፎርማን ደግሞ ኤክስካቫተሩ ሥራ ፈትቶ ከሚቆም ወደ ላይ፣ ማሳ ወደሌለበት ድንጋያማው ቦታ ይውጣ አለ። ሁለቱ ሐሳቦች አብረው ሄዱ። የቀረው ለአለቃዬ መንገር ነበር። እዚያው ቆሜ ደወልኩለት።

"ሥራው ይዘገያል" አልኩት።

"እስከ መቼ?"

"አላውቅም። አጨዳው ሲያልቅ ነው የሚታወቀው።"

"እሺ። አሁን መንገርሽ ጥሩ ነው" ብሎ ዘጋው። ስንት ሌሊት የፈራሁት ነገር ይኸው ነበር።

ኮምባይነሮቹ ከቀትር በፊት ተሻገሩ። ሰዉ ጓደኛዬን እየጨበጠ አመሰገነ። ምን እንዳደረገች ብትጠይቁኝ ምንም አላደረገችም፤ መጥታ ቆመች። ምስጋናው ግን ለእሷ ሆነ።

ማታ ቤት ውስጥ "ራሴን አሞኛል" ብዬ ከትሪው ርቄ ተቀመጥኩ። ስልኳ ጮኸ። አንድ ሰው አዲስ የተገነባው የውሃ ማጠራቀሚያ እንደሚያፈስ እየነገራት መሆኑን ከመልሷ ገባኝ። ፊቷ ሲጠቁር አየሁ። ድምፅዋ ግን አልተለወጠም። "ሳይብስ ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ" አለችው። ከዘጋችው በኋላ ትራሷን አንሥታ ፊቷን ቀበረችበት። ከዚያ ተነሥታ ወጥ አሞቀች። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ለእሷ ሁሉ ነገር ቀላል ይመስለኝ ነበር። ማዘን ሲገባኝ የተሰማኝ ሌላ ነው፤ ይህንንም ትችላለች ብዬ ደግሜ ቀናሁ።

ከቅናቴ የተነሣ ቃሏን ሰረቅሁ። በሳምንቱ ቴክኒሻኑ አንድ ቫልቭ በስህተት እንደተገጠመ ሲነግረኝ "ሳይብስ ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ" አልኩት። ጥርሴን ነክሼ ስላልኩት ሰውዬው ደነገጠ፤ ከሥራ ልታባርሪኝ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሳቄ አመለጠኝ፣ እሱም ሳቀ። ቃሉ የእኔ እስኪሆን ብዙ ጊዜ ወሰደ። አንዳንዴ ብስጭቴ ቀድሞኝ ሁሉንም አበላሻለሁ። ሆኖም ስልኬ ቀስ በቀስ መጮኽ ጀመረ፤ እንቅልፌን ሲነሣኝ እንኳ ደስ ይለኝ ነበር።

የገሰራው መስመር ከእኔው ቀድሞ አለቀ። ጓደኛዬ ብድሬ በምትባል ከተማ ከሁለታችን ሥራ የሚበልጥ ፕሮጀክት ተሰጣትና ዕቃዋን ጭና ሄደች። አቅፌ ሸኘኋት። መኪናው ከዓይኔ እንደራቀ እፎይ አልኩ፤ ግቢው ውስጥ ስገባ ደግሞ "ለምን እሷ?" የሚለው ጥያቄ ተመልሶ መጣ። መልሱን እያወቅሁት ነው የመጣው።

በእኔ መስመር ውሃ የተለቀቀ ቀን ሰዉ የቀበሌው ውሃ መቅጃ ቦኖ ዙሪያ ተሰበሰበ። መጀመሪያ አየር፣ ከዚያ ቡናማ ውሃ፣ ከዚያ ንጹሕ ውሃ ወጣ። ሐጂ በእፍኛቸው ቀድተው ጠጡና "አልሐምዱሊላህ" አሉ። በአለቃዬ ፊት፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ ለእኔ ረጅም ምርቃት መረቁኝ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ምርቃቱን እንደጨረሱ ጆሮዬ አጠገብ ጠጋ አሉ።

"ያቺ ልጅስ አልመጣችም?"

"ብድሬ ናት ሐጂ። አዲስ ሥራ ይዛለች።"

"ወይኔ! ሰላም በይልኝ፣ እሺ?"

"እሺ" አልኳቸው።

ሰላምታውን ያደረስኩት፣ ስልኩ ሁልጊዜ በእጄ እያለ፣ ከሳምንት በኋላ ነው።