ፈረስ ያልጣለው ሰውዬ

የያዙኝ ጎባ ሆስፒታል፣ ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ የጎማ ቱቦዎች ስቀቅል ነው። የሽፍታ ቁስል አክመሻል ተባልኩ። ማን እንደጠቆመኝ አልናገርም። የክፍሉ ቁልፍ በዚያው ቀን በማን እጅ እንደገባ ግን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ቁልፉን የተረከበችው አብራኝ የምትሠራ፣ ከአዲስ አበባ የመጣች ነርስ ነበረች።

የእስር ቤቱ የሴቶች ክፍል ቀድሞ የገብስ ጎተራ ነበር። በግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ገለባ ቀርቶ ነበር፤ ከሳነቴ ተራራ የሚወርደው ብርድ በበሩ ሥር ይገባል። አብራኝ የታሰረችው አንዲት የሲናና ገበሬ ሚስት ብቻ ነበረች። ባሏ ከግቢው ወዲያ ማዶ፣ ከወንዶቹ ጋር ነበር። ሽፍታ አብልታችኋል ብለው ነው ሁለቱንም ያመጧቸው።

አንድ ቀን ጠዋት የባሏን ማቃሰት ሰማን። ሽንቱ ተዘግቶ ሆዱ ተወጥሯል አለን ዘበኛው። ረፈድ ሲል ያቺ ነርስ መጣች። ጋዋኔን ለብሳለች፤ ቦርሳዬን ይዛለች። ሰውዬውን ግቢው ውስጥ ቁርበት ላይ አስተኝተው ሁለት ዘበኞች ብርድ ልብስ ጋረዱለት። እኔ በበሩ ስንጥቅ አያለሁ።

«አባባ፣ መቼ ጀመረዎት?»

«እርጅና ነው፣ ልጄ። ሌላ ምን አለ?»

ይህን ይዛ ቀጠለች። ሽማግሌ ሽንቱ ሲዘጋበት ብዙ ጊዜ የፕሮስቴት እጢ አብጦ ነው፤ እውነት ነው። ነገር ግን እጢው በፊንጢጣ በኩል በጣት ሳይዳሰስ እጢ ነው አይባልም። ዘበኞቹ ፊት አፈረች መሰለኝ፣ አልዳሰሰችም። የጎማውን ቱቦ ሞከረች፤ አላልፍ አለ። ከዚያ ብረት ሲንኳኳ ሰማሁ። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ጠምዘዝ ያለው የብረት ቱቦ ነው።

ሚስቱ በጆሮዬ አንሾካሾከች። «እርጅና አይደለም። ወደ ሪራ ስንወርድ ፈረሱ ጣለው። ኮርቻው በእግሮቹ መሀል መታው፣ ደም ሸና። ከዚያ ወዲህ ሽንቱ እንደ ክር ቀጠነ። ለሰው ብትናገሪ እፈታሻለሁ ብሎኛል።»

በዚያ አገር ፈረስ የጣለው ወንድ ወደቅኩ አይልም። ገባኝ፤ የሽንት ቧንቧው ተጎድቶ ውስጡ ጠባሳ ሠርቷል። እጢ ቢሆን ብረቱ በጥንቃቄ ሊያልፍ ይችላል። ጠባሳ ላይ ከተገፋ ግን ሥጋውን ቀድዶ የሌለ መንገድ ያበጃል፤ ሰውዬው በደምና በመግል ይሞታል። ለጠባሳ መጀመሪያ የሽንት ፊኛው ከላይ፣ ከሆድ በኩል በመርፌ ይቀዳል፤ ጠባሳው ቆይቶ በቢላ ይከፈታል።

በብርድ ልብሱ ጫፍ የነርሷን እጆች አየሁ፤ በእኔ ቦታ፣ በእኔ ዕቃ። ስትሳሳት ማየት ምን ያህል እንደናፈቀኝ እኔ አውቃለሁ። የሚሞተው ግን እሷ አልነበረችም።

በሩን በቡጢ ደበደብኩ። «ብረቱን አታስገቢ! እጢ አይደለም፣ ጠባሳ ነው። ፈረስ ጥሎታል!»

«ሲስተር፣ እስረኛ መሆንሽን ረሳሽው?» አለች ቀና ሳትል።

ሽማግሌው ከብርድ ልብሱ ጀርባ ጮኸ። «ማነው የወደቀው? እኔን ፈረስ አይጥለኝም!»

«ኩፍቴ!» አለች ሚስቱ ከጎኔ በኦሮምኛ። «ወድቀሃል! ያነሳሁህ እኔ አይደለሁም? በል ፍታኝ እንግዲህ! ከዚህ ወዴት ልታባርረኝ ነው?»

ዘበኞቹ ሳቁ። የነርሷ እጅ ግን ቆመ። ብረቱን ወደ ቦርሳው መለሰችና ለዘበኞቹ አሥር አለቃ፣ «ወደ ሐኪሙ ውሰዱት፤ ከላይ በመርፌ ይቀዳለታል» አለች። ወደ እኛ በር አልዞረችም።

ሰውዬው ዳነ። ሐኪሙ ሽንቱን ከላይ ቀዳለት፤ ቆይቶም ጠባሳውን ከፈተው። ከቀናት በኋላ ነርሷ ሳሙና ይዛ መጣች፤ ዘበኛው በሩን ከፈተላት።

«ሐኪሙ፣ በደንብ መርምረሻል አለኝ» አለች። «ለትምህርት ሊልከኝ ነው።»

ከታሰርኩ ወዲህ ሳሙና አልነካሁም ነበር። «ለሴትዮዋ ስጫት» አልኳት። «ብረቱን ደግሞ ሳትቀቅዪ ሣጥን ውስጥ እንዳትከቺው።» ከዚያ በሩን ራሴ ከውስጥ ገፍቼ ዘጋሁት።

አሁን ነርሷም እኔም አርጅተን ሮቤ ነው የምንኖረው። ማኅበር ላይ ሲስተር እየተባለች ከላይ ትቀመጣለች፤ እኔ ከበሩ አጠገብ። ያንን ታሪክ መናገር ትወዳለች። «ቀስ ብዬ ጠየቅኩት፤ ከፈረስ ወድቄ ነው ብሎ ነገረኝ» ትላለች። ሴቶቹ ያደንቃሉ። እኔ ዳቦዬን እቆርሳለሁ።

ሰውዬው ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖሯል። እስኪሞት ድረስ፣ ላነሳችው ሚስቱ እንኳ፣ ወደቅኩ አላለም።