በጠመኔ የሚቆይ ቃል

ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አንድ የልብስ ስፌት መኪና በእጅ ጋሪ ተጭኖ ኮልፌ 18 ማዞሪያን ተሻገረ። የልብስ ሰፊው የጋሽ ወልዴ መኪና ነበር፤ ልጃቸው ሱቁን ወደ ማዶ እያዛወረች ነው። ጋሪው እስኪያልፍ ሚኒባሶቹ ቆመው ጡሩምባ ሲነፉ፣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ያሳለፍኩት አንድ ሰኔ ትዝ አለኝ።

የቋንቋ ጥናት ተማሪ ነበርኩ። የአንዱን ትምህርት የአጋማሽ ፈተና ስለወደቅሁ የቀረኝ በክፍል ፊት የማቀርበው ገለጻ ብቻ ነው፤ እሱም ካልተሳካ ከዩኒቨርሲቲው እሰናበታለሁ። የደረሰኝ ርዕስ የአብዛኞቹ የአውሮፓ ቋንቋዎች፣ የሂንዲና የፋርስኛም እናት የሆነችው ጥንታዊ ቋንቋ ቃላቷን እንዴት ትሠራ እንደነበር የሚያስረዳ ነው። ቋንቋዋ ሳትጻፍ ጠፍታለች፤ ምሁራን ልጆቿን እያስተያዩ ነው መልሰው የገነቧት። ጦር ኃይሎች ሰፈር ፎቶ ኮፒ ካስደረግሁት ጽሑፍ ላይ ስገለብጥ፣ ከየቃሉ ፊት ያሉት ትንንሽ ኮከቦች የማሽኑ ቆሻሻ መስለውኝ ተውኳቸው።

በገለጻው ዋዜማ ዝናብ ጋሽ ወልዴ ሱቅ አስገባኝ። ባለቤታቸው የላኩላቸውን ቆጮ በጎመን እየበሉ ነበር፤ ለእኔም ቆረሱልኝ። ጠረጴዛው ላይ የሁለት ወንድማማቾች ኮት ተፈትቶ ተዘርግቷል። ሦስተኛው ወንድም ያንኑ ዓይነት ይፈልጋል፤ የድሮው ልብስ ሰፊ የሠራው ንድፍ ግን ጠፍቷል። ጋሽ ወልዴ ሁለቱን እያስተያዩ የጠፋውን ንድፍ አዲሱ ጨርቅ ላይ በጠመኔ ያሰምራሉ።

«እስኪ አንቺ ፕሮፌሰር፣ ነገ የምትለፈልፊውን አሰሚኝ» አሉኝ።

አሰማኋቸው። ሥሩ «ዶ» ነው፣ መስጠት፤ «ኖ» ሲቀጠልበት የሚሰጠው ነገር ይሆናል፤ መጨረሻ ላይ የሚገባው «ም» ቃሉ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ያለውን ቦታ ያሳያል። ዶኖም፣ ስጦታ። ላቲን ዶኑም አለችው፣ የጥንቷ የሕንድ ቋንቋ ሳንስክሪት ዳናም። ደስ እንዲላቸው፣ እጅጌና ኮሌታ እንደመግጠም ነው ብዬ ጨመርኩ።

ደስ አላቸው። ከዚያ ዶኖም ሲባል የሰማ ሰው እንዳለ ጠየቁኝ። የለም አልኩ። የጻፈስ? እሱም የለም።

«ታዲያ መቀስ ምን አስያዘሽ? እኔ ያላየሁትን በጠመኔ ነው የማሰምረው፤ ባለቤቱ መጥቶ እስኪለካው አልቆርጠውም። አንቺ ግን ቆርጠሽ፣ ሰፍተሽ፣ ተኩሰሽ ይኸው ለበስሽው።»

እየሳቅሁ ፎቶ ኮፒውን አወጣሁ። እስከዚያች ሰዓት ያላነበብኩት የመጨረሻው ገጽ ግርጌ፣ ኮከብ ያለበት ቃል የትም ተጽፎ ያልተገኘ፣ በማስተያየት ብቻ የተደረሰበት ነው ይላል። ጭቃውን እየረገጥኩ ቤቴ ገባሁና ኮከቦቹን አንድ በአንድ መልሼ ሳልኩ።

በማግስቱ መምህራችን እጃቸውን አጣምረው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኮከቡ ምን እንደሆነ። ጋሽ ወልዴ እንዳሉት አድርጌ፣ ከነመቀሱ መለስኩ። ክፍሉ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁና ተቀመጪ አሉኝ። አለፍኩ።

ከዚያ ወዲህ ጋዜጠኛ ሆኜ ስኖር፣ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ያላረጋገጥኩት ነገር ሁሉ ፊቱ ላይ ኮከብ አለው። ለልጆቼ ግን ያን ትምህርት ኤ አገኘሁበት እያልኩ ነው ያሳደግኋቸው። ይህን ጽሑፍ ከመላኬ በፊት የውጤት ወረቀቴን ከሻንጣ አውጥቼ አየሁ። ቢ ነው።