ፎቶው ላይ የቀረው የአባቴ ክንድ

ይህ መጽሐፍ ሲከፈት ሁልጊዜ አንድ ገጽ ላይ ነው የሚቆመው። ሽፋኑ ጥቁር ቀይ ነው፤ ጥጉ ላይ በወርቃማ ቀለም የስንዴ ዛላ ታትሞበታል። አፍንጫዬን ሳስጠጋው መጀመሪያ የሙጫና የቆየ ወረቀት ሽታ ይመጣል፤ ቀጥሎ ደግሞ፣ እንዳይሳቅብኝ ለማንም ያልተናገርኩት፣ የላም በረት ይሸተኛል። መቼም መጽሐፍ በረት ገብቶ አያውቅም። ግን ይሸተኛል። ከሽታው ጋር ንዴቴ አብሮ ይመጣል፤ ይኸው ስንት ዓመቱ፣ አልበረደልኝም። አንቺ አንባቢዬ «ይቅር በያቸው» ማለትሽ አይቀርም። መጀመሪያ ስሚኝ።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከመግባታችን በፊት ስድስት ዓመት የኖርነው ካናዳ ገጠር ውስጥ ነበር። እነሱ ታውንሺፕ ይሏታል፤ አባቴ ግን «ቀበሌያችን» ነበር የሚላት። ቀበሌ መባሉም ሲበዛባት ነው። አንድ ሱቅ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ አዳራሽ፤ ከዚያ ወዲያ ሣርና በረዶ ነው። አዳራሹ ውስጥ ሰው ይዳራል፣ ይለቀሳል፣ ካርታ ይጫወታል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሁሉም የሠራውን ምግብ ይዞ መጥቶ አብሮ ይበላል። የምድጃው ጢስና የረጠበ የሱፍ ካፖርት ሽታ ከልብሳችን ላይ አይለቅም ነበር። ግድግዳው ላይ ቀበሌዋን የቆረቆሩት ሰዎች ፎቶ ተሰቅሏል፤ ጢማቸውን ያንዠረገጉ፣ መጥረቢያ የያዙ፣ ፈገግታ የሚባል ያልፈጠረባቸው ሰዎች።

አባቴ አገር ቤት የእንስሳት ሐኪም ነበር። እዚያ ግን ወረቀቱን የሚቀበለው አላገኘም፤ የሰው ላም እያለበ ነው ያኖረን። የአካባቢው ሐኪም የሚኖረው በመኪና ሁለት ሰዓት ርቆ ነበር፤ መንገዱ በበረዶ ሲዘጋ ደግሞ ጭራሽ አይመጣም። ታዲያ ላም ምጥ ሲጠናባት የኛ ቤት ስልክ ይጮኻል። አባቴ የጀመረውን ምሳ ትቶ ይነሳል፤ እናቴ ፎጣና ሳሙና በፌስታል ጠቅልላ ታስይዘዋለች። ሲመለስ ሳሙና፣ ደምና ትኩስ ወተት ይሸታል። «ሁለቱም ተርፈዋል» ይላል፤ ሌላ ወሬ አይጨምርም።

ውለታ የሚመልሱት በሙስ ሥጋ ነበር። ሙስ ፈረስ የሚያክል የጫካ አጋዘን ነው። መጀመሪያ የመጣልን ቀን እናቴ ልትጥለው ነበር፤ ይበላ አይበላ ማን ይንገራት? አባቴ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እንደ ዳኛ ፈረደላት። «ሰኮናው ስንጥቅ ነው፤ ያመሰኳል። ይበላል!» ከዚያ በኋላ የሙስ ጥብስ የቤታችን ምግብ ሆነ። አሁንም ትዝ ሲለኝ ምራቄ ይመጣል።

እናቴ ግን ሰው ናፈቃት፤ ቅዳሴ ናፈቃት። ዲቪ ሞላች፣ ደረሳት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ገባን። እኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። አባቴ ክሪስታል ሲቲ የሚባል ሰፈር፣ አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ መኪና ማቆሚያ ሥራ አገኘ። በረት ገብቶ ነፍስ የሚያተርፍ ሰው፣ ቀኑን ሙሉ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ቲኬት ይቀበል ጀመር። ሲመለስ የመኪና ጭስ ይሸታል። አንድም ቀን አላማረረም፤ እኔ ነኝ ስለ እሱ የማማርረው።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ከቀበሌዋ ደብዳቤ መጣ። የቀበሌዋ ታሪክ በመጽሐፍ ሊወጣ ነው፤ እዚያ የኖረ ቤተሰብ ሁሉ የራሱን ገጽ ራሱ ጽፎ ይላክ ይላል። የፈረሙት የመጽሐፉ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ጎረቤታችን የነበሩት አሮጊት ሴትዮ ናቸው። የሴትዮዋ በረት ከቤታችን መስኮት ይታይ ነበር፤ አባቴን የሳቸውን ያህል የጠራው ሰው የለም።

እናቴ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ።

«ስማችን ሊጻፍ ነው» አለች፤ «አባትሽ እዚያ ምን እንደነበር ሊጻፍ ነው!»

«ተዪው ባክሽ» አለ አባቴ። ግን ፈገግ ብሎ ነበር። አይቼዋለሁ።

አንድ ሳምንት ሙሉ ከሥራ ስትመለስ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ትቀመጥና በአማርኛ ትጽፋለች። መተርጎሙ የኔ ድርሻ ነበር። ሦስት ገጽ ሆነ። የመጀመሪያው ቀን ሾርባ ያመጣልንን፣ መኪናችንን ከበረዶ ያወጣልንን፣ ለኔ የበረዶ ጫማ የሰጠኝን፣ አንድ በአንድ እያነሳች ታመሰግናለች፣ ትመርቃለች። አንብቤ ስጨርስ ገረመኝ።

«እማዬ፣ አባዬስ? ሂ ኢዝ ኖት ኢን ሂር» አልኳት።

«ራሳችንን እናወድስ? ነውር አይደለም እንዴ?» አለችኝ። «ሰውን ሥራው ነው የሚያወጣው። ላሞቻቸውን ማን እንዳዋለደ እነሱ ያውቁታል። እነሱ ይጻፉት።»

«ግን እማዬ...»

«ዝም ብለሽ ያልኩትን ጻፊ። ዝም አይነቅዝም።»

ያለችውን ጻፍኩ። ጓደኛዬ ታች ሎቢ ውስጥ እየጠበቀችኝ ስለነበር ቸኩያለሁ። ከራሴ አንድ መስመር፣ አንዲት መስመር ብቻ ብጨምር ኖሮ ማን ያውቅብኝ ነበር? ይህንን ለራሴ እስካሁን ይቅር አላልኩትም።

መጽሐፉ እስኪመጣ ከዓመት በላይ ወሰደ። እናቴ ለቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ አውርታ ጨርሳ ነበር። «ያ የካናዳ ባላገሮች መጽሐፍ አልደረሰም?» እያሉ ሴቶቹ ይቀልዱባታል፤ እሷም አብራ ትስቃለች። የመጣው ቅዳሜ ቀን ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አክስቴንና ሁለት ጎረቤቶቻችንን ጠራች፤ ዶሮ ሠራች። መጽሐፉን ጠረጴዛው መሀል አስቀምጣ «አንቺ ፈልጊው» አለችኝ።

ቤተሰቦቹ በስም ፊደል ተራ ተደርድረዋል። በኛ ፊደል አልነበርንም። በአባቴ ስም ፈለግሁ፣ በአያቴ ስም ፈለግሁ፤ የለም። መጥረቢያ የያዙት ሰዎች አሉ። ሁለት ዓመት ብቻ ኖሮ የሄደው ባለ ሱቅ ሙሉ ገጽ ይዟል። ስለ ውሻው አንድ አንቀጽ የጻፈም አለ! እኛ የተገኘነው መጨረሻ ላይ፣ «የምስጋና ደብዳቤዎች» የሚል ክፍል ውስጥ ነው። የእናቴ ሦስት ገጽ አራት መስመር ሆኗል። «ከአፍሪካ መጥተው ጥቂት ጊዜ ከኛ ጋር የቆዩ እንግዶቻችን ያመሰግኑናል» ይላል።

እንግዶች። ስድስት ዓመት ሙሉ!

ለሰዎቹ ምን ብዬ እንደምተረጉመው ጨነቀኝ። እናቴ ፊቴን አይታ ገባት መሰለኝ፣ «ብሉ እንጂ፣ ወጡ ቀዘቀዘ» አለች። አባቴ መነጽሩን አድርጎ መጽሐፉን ወደ ራሱ ሳበና ቀስ እያለ ይገልጥ ጀመር። የጎረቤታችን የሴትዮዋ ገጽ ላይ ሲደርስ ቆመ። አንድ ፎቶ አለ፤ አዲስ የተወለደች እርጥብ ጥጃ፣ ከበላይዋ የበረት መስኮት ብርሃን። ከፎቶው ጠርዝ እስከ ትከሻው የተራቆተ አንድ ክንድ ገብቶ ጥጃዋን ደግፏል። ሰውየው ተቆርጦ ወጥቷል። ከሥሩ «ከባድ ክረምት ነበር፤ እግዚአብሔር ይመስገን አንድም ጥጃ አልሞተብንም» ይላል።

«ይሄ ክንድ የኔ ነው» አለ አባቴ።

እጅጌውን ሰብስቦ ጠረጴዛው ላይ አሳየን። ተማሪ ሳለ በቅሎ የነከሰችው ጠባሳ ከክርኑ በታች እንደ ግማሽ ጨረቃ ተሰምሮበታል። ፎቶው ላይም አለ። «አያችሁ? ገብቻለሁ እኮ!» ብሎ ሳቀ። ሰዎቹም ሳቁ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ ለሴትዮዋ ደወልኩላቸው። ደስ አላቸው። «የኔ ማር! የእናትሽን ደብዳቤ አንብበን ሁላችንም አለቀስን» አሉኝ።

«ታዲያ የኛ ገጽ የት ሄደ?»

«ስለ እናንተ ምንም አልጻፈችም እኮ። የምስጋና ደብዳቤ ነው ብለን ነው።»

«አባቴንስ? እርስዎ አያውቁትም? ፎቶውን ያነሱት እርስዎ ነዎት! ፊቱን ቆርጠው ያወጡትም እርስዎ ነዎት!»

«ጥጃዋ ጎልታ እንድትታይ ብዬ ነው» አሉ። ከዚያ ደግሞ፣ «እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ይጻፍ ተባብለን ነበር፤ ለሁሉም እንደዚያ ነው ያደረግነው።»

ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘጋሁት። ሕጋቸው ልክ ነበር፤ ይበልጥ ያናደደኝ እሱ ነው። ልክ ነው ብለሽ የማታልፊው ልክ አለ። ላማቸው ስታምጥ የኛን ስልክ በቃላቸው የሚያውቁ ሰዎች፣ ለመጻፍ ሲሆን ሕግ ትዝ አላቸው። አንድ ሰው፣ ከዚያ ሁሉ ቤት አንድ ሰው እንኳ በራሱ ገጽ ላይ ስሙን ቢያነሳው ምን ነበረበት?

ንዴቴ ግን ማረፊያ ያገኘው እናቴ ላይ ነው። ሥራ ውላ እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣለች። «ጨዋነትሽ ነው አባዬን ያጠፋው!» ብዬ ጮኽኩባት። «ዝም አይነቅዝም አልሽ፤ ይኸው ነቀዘ!» እግሯን አደራርቃ ተነሳችና መጽሐፉን ፍሪጁ ላይ አወጣችው። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ቀበሌዋ አንስታ አታውቅም፤ እኔም ይቅርታ አልጠየቅኳትም።

አባቴ ያረፈው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ እኔ ሥራ ይዤ እዚያው አቅራቢያ አሌክሳንድሪያ እኖር ነበር። ከፍትሐቱ በኋላ የሕይወት ታሪኩ እንዲነበብ የእድራችን ጸሐፊ ወረቀት ጠየቁን። እኔ ሳላውቅ እናቴ ከቦርሳዋ አወጣች። በእጇ የተጻፈ፣ በፊትም በጀርባም የሞላ ወረቀት ነበር።

ጸሐፊው ማንበብ ጀመሩ። የተወለደበትን፣ የተማረበትን አነበቡ። ከዚያ ቀበሌዋ መጣች። የባለ ሱቁ ጥቁር ላም፣ መንታ። የቄሳቸው በግ፣ ማሕፀኗ ወጥቶ መልሶ ያስገባላት። በቤት በቤት፣ በዓመት በዓመት፣ ስድስቱንም ዓመት። ሕዝቡ እርስ በርሱ መተያየት ጀመረ። ጸሐፊው አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ «ትንሽ ረዘም ስላለ፣ ይህንን አሳጥረን...» አሉ።

እናቴ ተነሳች። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ድምጿን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት ናት።

«አንድም ፊደል አይዝለሉ! ይነበብ!»

ተነበበ። የመጨረሻው «የጎረቤታችን ቀይ ላም፤ የጥጃዋ እግር ዞሮ ነበር፤ ሁለቱም ተረፉ» የሚል ነበር። እነዚያ ዓመታት ሁሉ በሆዷ ይዛው ኖራለች። እኔ እንደ ረሳች ቆጥሬ ስናደድባት።

ቤት ስንመለስ መጽሐፉን ከፍሪጁ ላይ አውርዳ አቧራውን በነጠላዋ ጠረገች። ወረቀቱን አጥፋ ክንዱ ያለበት ገጽ መሀል አስገባችውና ለኔ ሰጠችኝ። «በይ፣ አሁን ተጻፈ» አለች። ለዚህ ነው ሁልጊዜ እዚያ ላይ የሚከፈተው።

ባለፈው እሑድ ወረቀቱን ዘርግቼ እንደገና አነበብኩት። ከላይ እስከ ታች፣ በፊትም በጀርባም፣ የእሷ ስም የለም። ፎጣውን ጠቅልላ የምታስይዘው፣ በደም የጨቀየውን ሸሚዝ በዚያ ብርድ የምታጥበው፣ ስልኩን አንስታ በተሰባበረ እንግሊዝኛ «ሂ ኢዝ ካሚንግ» የምትለው ማን ነበር? ስልኬን አንስቼ ደወልኩላት።

«እማዬ፣ አንቺስ? ለምን ራስሽን አልጻፍሽም?»

«እኔ ደግሞ ምን ሠራሁ ብለሽ ነው ልጄ?» አለችኝ።

ተናደድኩ። አሁንም እንደዚያን ቀን ልጮኽባት አፌን ከፈትኩ፤ እንባ ቀደመኝ።