በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚጠፋ ሞተር

አባቴ ሞጣ ሄደው ለመኖር የተስማሙት በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነበር፤ አሮጌው ሞተር ብስክሌታቸው በጭነት ሳይሆን በገዛ እግሩ አብሯቸው እንዲሄድ። የተወለዱት ሞጣ ነው፤ ወላጆቻቸው ያረፉበት ደብርም እዚያው ስለሆነ ቀሪ ዘመናቸውን በአጥቢያቸው መጨረስ ፈለጉ። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ እዚያ ቤት ሠርቶ፣ ፀሐይ የሚገባበትን ክፍል ለእሳቸው ለይቶ ይጠብቃል። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቢቸና ባለው ቤት የቀረነው አባቴና እኔ ትልቋ ልጃቸው ብቻ ነበርን። ሞተሩ ደግሞ ያን ጊዜ ተበላሽቶ ቆሞ ነበር፤ ስለዚህ መጠገኑ ለእኔና ለእነሱ ተመሳሳይ ትርጉም አልነበረውም።

ወንድሜ በስልክ፣ «አባዬ፣ አይሱዙ ላይ ጭነን እናምጣው» ሲላቸው፣ «እኔን ስሞት ጫኑኝ፤ እሱ ገና አልሞተም» አሉት።

አባቴ በሥራ ዘመናቸው ከብት ከታቢ ነበሩ። የክትባቱን ሣጥን ከኋላቸው አስረው፣ ከቢቸና እስከ ሞጣ ያለውን ገጠር በዚያ ሞተር ዞረውታል። በመንገዳቸው ላይ የማያጓድሉት አንድ ልማድ ነበራቸው። በበቅሎ የሚሄድ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲደርስ ወርዶ እንደሚሳለም ሁሉ፣ እሳቸው ሞተሩን ያጠፋሉ። መሪው ላይ ያለችውን ቀይ ማጥፊያ በቀኝ አውራ ጣታቸው ይጫናሉ፤ ድምፁ ጸጥ ይላል፤ ጎማው በያዘው ፍጥነት እየተንከባለለ፣ እሳቸው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ያልፋሉ። ከአጥሩ እንዳለፉ በግራ እጃቸው ጨብጠውት የቆዩትን ፍሪሲዮን ሲለቁት ሞተሩ እንደገና ይነሣል። ጎረቤቶቻችን «የእሳቸው ሞተር እንኳ ተሳላሚ ነው» እያሉ ይቀልዱ ነበር። እኔም በልጅነቴ ከኋላቸው ተቀምጬ፣ የነፋሱና የጎማው ድምፅ ብቻ የሚሰማባትን ያችን ቅጽበት እጠብቃት ነበር።

ሞተሩ ታሞ የቆመው፣ መሪው ወደ ግራ በተጠመዘዘ ቁጥር እየጠፋ ስላስቸገረ ነው። የገበያው መካኒክ ምክንያቱን በፍጥነት ገመተ፤ መፍትሔውንም በፍጥነት ሰጠ። ወደ ማጥፊያዋ የሚሄደውን ሽቦ ቆርጦ ጣለው። ሞተሩ ተነሣ፤ መሪው ቢዞርም አልጠፋም። አባቴ ግን ማጥፊያዋን ደጋግመው ተጫኗት።

«ይህ እኮ አይጠፋም» አሉ።

«አባባ፣ በቁልፉ ያጥፉት» አላቸው መካኒኩ።

«ቁልፉ ያለው ከታንኩ ሥር ነው። አሁን የሚነዳው ወንዱ ልጄ ነው፤ ቁልቁለት ላይ ጎንበስ ብሎ ቁልፍ ሲፈልግ ታቦቱን ይሳለም ወይስ ገደል ይግባ?»

መካኒኩ ሳቀ። «እንዲሄድለት ሳይሆን እንዲጠፋለት ሞተር የሚያስጠግን ሰው ዛሬ ገና አየሁ!»

«እንግዲያው ጠግበህ እየኝ» ብለው ሞተሩን አስገፍተው ወደ ቤት ይዘውት መጡ።

እኔ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት የላቦራቶሪ ሙያ ነው፤ ከሥራዬ የለመድኩት ከመገመት በፊት መመርመርን ነው። ይህ ሞተር የሚጠፋው ማጥፊያዋ ስትጫን ሽቦውን ከሞተሩ ብረት ጋር ስለምታገናኘው ነው። ሳትጫን የሚጠፋ ከሆነ፣ ሽቦው አንድ ቦታ ላይ ተልጦ በራሱ ጊዜ ብረት ይነካል ማለት ነው። የተቆረጠውን ሽቦ ከትንሽ አምፖልና ከባትሪ ድንጋይ ጋር አያይዤ፣ ሌላውን ጫፍ ከብረቱ ላይ አሳረፍኩና መሪውን በዝግታ አዞርኩት። ወደ ግራ ሲደርስ አምፖሉ በራ። ታንኩን አውርጄ ስመለከት ከመሪው አንገት ሥር የሽቦው ሽፋን ተፍቆ መዳቡ ይታያል።

ሽቦውን በሙሉ ለወጥኩት፤ መሪው ሲዞር እንዳይወጠርም ትንሽ ትርፍ ተውኩለት። ከዚያ ማጥፊያዋን ፈታሁ። ጥቃቅኑ ዕቃ እንዳይጠፋ ሰፌድ ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፌ ነበር፤ ስፕሪንጓ ካቻቢቴው እንደነካት ዘልላ እዚያው ወደቀች። ውስጧ ያለው መዳብ አረንጓዴ ዝገት ለብሶ፣ መሐሉ በብዙ ዘመን መጫን ጎድጉዷል። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አጸዳሁት፤ ሽቦውንም ስታኞ አቅልጬ አያያዝኩት።

ሥራው በዚህ ሊያበቃ ይችል ነበር። እኔ ግን በግራ በኩል ያለውን የክላክሱንና የፊት መብራቱን ማብሪያ ፈታሁ። ያስቸገረ ነገር አልነበረውም። አባቴ ጋቢያቸውን ለብሰው መደቡ ላይ ተቀምጠው ሲያዩኝ ቆዩ።

«ልጄ፣ ክላክሱ ምን አደረገሽ?»

«ይጽዳ ብዬ ነው።»

«ክረምቱ ሳይገባ መሄድ አለብን።» ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ደግሞ ሞጣ እኮ ዓባይ ማዶ አይደለም። በዓል ሲሆን ትመጫለሽ።»

«እመጣለሁ» አልኳቸው። ክላክሱን መልሼ ገጠምኩት፤ ታንኩንም ወደ ቦታው መለስኩ።

ወንድሜ በአውቶቡስ መጣ። የአባቴ ልብስ ከኋላ ታሰረ፤ እሳቸውም ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ ጠምጥመው ከልጃቸው ጀርባ ተቀመጡ። ወንድሜ ማጥፊያዋን በጥርጣሬ እያየ፣ «እታለም፣ መንገድ ላይ ቢጠፋብኝ ምን ላድርግ?» አለኝ።

«ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ከሆነ ተሳለም፤ ሌላ ቦታ ከሆነ ደውልልኝ።»

አባቴ ሳቁ። እጄን ሳብ አድርገው ያዙኝና መረቁኝ፤ ከዚያ የልጃቸውን ትከሻ መታ አደረጉት።

በራችን ላይ ቆሜ ድምፁን ተከተልኩት። ከከተማው መውጫ፣ ቁልቁለቱ ከሚጀምርበት፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን አለ። ድምፁ እዚያ ሲደርስ ጸጥ አለ። ማጥፊያዋ ሠርታለች፤ ይህን ለማወቅ አምፖል አላስፈለገኝም። ያ ጸጥታ በልጅነቴ ከማውቀው ይልቅ የረዘመ መሰለኝ፤ ምናልባት አባቴ ከዚህ ደብር የሚሰናበቱት የመጨረሻ ጊዜ ስለሆነ፣ ልጃቸውን ቀስ በል ብለውት ይሆናል። ከዚያ ከታች፣ ከድልድዩ አካባቢ፣ ሞተሩ ተነሣ። ወደ ደብረ ወርቅ አቅጣጫ እየቀጠነ ሄዶ እስኪጠፋ ድረስ ሰማሁት፤ ገብቼም ሰፌዱ ላይ የቀረውን ጨርቅ አራገፍኩ።