እርፍ የጨበጥኩ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስመለስ፣ ዳባት ላይ አንዲት ልጅ እግር እናት ሚኒባሱ ውስጥ ገባች። ሕፃን አዝላለች፤ በእጇ ደግሞ ጥቅል ጎመን የታጨቀበት ጆንያ ትጎትታለች። አጠገቤ የተቀመጠውን ጎልማሳ ጆንያው እግሩን ነካው መሰለኝ፣ «መሬቱን ለአራሽ ሰጥተሽ ልጅሽን አርፈሽ ብታሳድጊ ምናለበት!» አላት። እሷ አንገቷን ደፋች። እኔ ግን ደሜ ፈላ። «አንተ ሰውዬ፣ ጎመኑን ትበላ የለ? ታዲያ ማን ያብቅልልህ?» አልኩት። ሚኒባሱ ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ይህንኑ ቃል በልጅነቴ ጠግቤዋለሁና። ደባርቅ እስክንደርስ ታሪኬን አወራሁለት።

ባሌ ታሞ ሲሞት ገና ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ልጄ ትርንጎ ጡት አልጣለችም። ከደባርቅ ዝቅ ብሎ ወንዝ ዳር ያለች ቁራሽ መሬት ቀረችን። በእኛ መንደር ሴት እርፍ አትጨብጥም፤ እርፍ ማለት በሬ ተጠምዶ ሲታረስ አራሹ የሚይዘው እጀታ ነው። ሴት የጨበጠችው እንደሆነ በረዶ ይወርዳል፣ የአገሩ ሰብል ይጠፋል ይባላል። ስለዚህ ባል የሌላት ሴት መሬቷን ለወንድ ሰጥታ ምርቱን እኩል ትካፈላለች። እኩሉ ዘንድሮ እኩል ነው። ለከርሞ ሲሶ ይሆናል፤ ቆይቶ ደግሞ «ለመሆኑ መሬቱ የማን ነበር?» ይመጣል። ስንቷን አይቻለሁ!

የባሌ ታላቅ ወንድም አያ ታከለ ተዝካሩ እንደወጣ መጣ። «መሬቱን እኔ ልረሰው፤ ትርንጎንም እናቴ ታሳድጋት። አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ታገቢያለሽ» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

«አያ፣ ሴት እርፍ አትጨብጥም አላችሁ እንጂ ዶማ አትጨብጥም አላላችሁም» አልኩት።

በዶማ ጀመርኩ። ጎመን፣ ካሮትና ነጭ ሽንኩርት ተከልኩ፤ ዳር ዳሩን ደግሞ ጽጌረዳ። ተራራውን ሊያዩ የሚመጡ እንግዶች የሚያርፉበት ሆቴል ለጠረጴዛ አበባ ይፈልግ ነበር። መንደሩ «አበባ ይበላል ወይ?» እያለ ተሳለቀብኝ። ይሳለቅ! ትርንጎን አዝዬ እቆፍራለሁ፤ ስትነቃ አውርጄ ቦይ ዳር አስቀምጣታለሁ። ካሮት ከነአፈሩ ትግጣለች፣ እሾህ ይወጋትና ታለቅሳለች፣ ጡት ስትይዝ ትረሳዋለች። ምሳችን የተቀቀለ ድንች በአዋዜ ነበር። በዚያ በደባርቅ ብርድ፣ ትኩስ ድንች መዳፍ ላይ እያገላበጡ እንደመብላት ያለ ነገር እስከ ዛሬ አላገኘሁም። አንዳንድ ቀን ግን ወገቤ ቁርጥ ሲል፣ እሷም እኔም ስናለቅስ እንውላለን። ጀግና ነበርኩ ብዬ አልዋሽም።

በሁለተኛው ዓመት፣ ሰኔ ላይ፣ አንድ ማለዳ አበባ አድርሼ ስመለስ አያ ታከለ በሬዎቹን ጠምዶ ማሳዬ ውስጥ ቆሟል። አንዱን የጎመን መደብ ገልብጦታል። ሁለት ሽማግሌዎች አጥሩ ሥር ቆመው ያያሉ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አልኩት።

«የወንድሜ መሬት ጦም ሲያድር ዝም ብዬ አላይም። ገብስ እዘራበታለሁ።»

«ይሄ ሁሉ ለምለም ጦም ነው እንዴ?»

«በበሬ ያልታረሰ መሬት ጦም ነው!» አለና ጅራፉን አነሣ።

ምን እንደነካኝ እንጃ። ትርንጎን እንዳዘልኩ ዘው አልኩና ከእጁ ሥር እርፉን ጨበጥኩት። አያ ታከለ ፍም እንደነካው ሰው እጁን ለቀቀ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አማተቡ።

«ኧረ አንቺ ልጅ! አገር ልታጠፊ ነው?»

«የአገሩን እንጃ፣ አባባ። መሬቴ ግን አይጠፋም! በሉ፣ ሴት በጨበጠችው እርፍ የሚያርስ ወንድ ካለ ይምጣ!»

ማንም አልመጣም። አያ ታከለ በሬዎቹን ፈታ፤ ሞፈሩንም ማረሻውንም እዚያው ጥሎ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ሄደ። የሴት እጅ ያረፈበትን ዕቃ ወደ ቤቱ ሊያስገባ አልፈለገም። የተገለበጠውን መደብ በዶማ መልሼ አስተካከልኩት።

ያን ክረምት ደመና በጠቆረ ቁጥር የመንደሩ ዓይን እኔ ላይ ነበር። በረዶ ከወረደ ከአገር እንደሚያስወጡኝ፣ ልጄንም እንደሚወስዷት አውቃለሁ። ሐምሌ አለፈ። ነሐሴም በዝናብ ብቻ አለፈ። ቢወርድ ኖሮ ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ሳይወርድ ሲቀር ግን ምስጋናው የእግዜር ሆነ። ይሁን፣ ከእግዜር ጋር አልጣላም። አያ ታከለም ከዚያ በኋላ ስለ መሬቱም ስለ ልጄም አንድ ቃል አልተነፈሰም። ትርንጎ እዚያው አደገች፤ አሁንም አብረን እንሠራበታለን።

ወሬዬን ስጨርስ ደባርቅ መግቢያ ደርሰን ነበር። ጎልማሳው ተረታሁ ማለት አልሆነለትም፤ «እሺ እማማ፣ በረዶው ቢወርድስ ኖሮ?» አለኝ።

ይህን ያልጠየቀኝ የለም። ሰው ሁሉ እኔ የበረዶውን ነገር ንቄ እርፉን የያዝኩ ይመስለዋል። አልናቅኩትም። እኔም የዚያው አገር ልጅ ነኝ፤ እንደ እነሱ አምን ነበር። እርፉን ስጨብጥ ሰማዩ አሁን ይወርድብኛል ብዬ ነው የጨበጥኩት።

«ቢወርድማ» አልኩት፣ «እኔንም ልጄንም በገዛ መሬታችን ላይ እንደቆምን ይመታን ነበር።»