የቀትር መርዶ

መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ የሞተበት ሰው እራቱን በልቶ እንቅልፉን ተኝቶ ካደረ በኋላ። ይህን ወግ ጎንደር ሳለሁ በልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ እስራኤል አገር፣ ፔታሕ ቲክቫ ከተማም ድረስ ተከትሎን መጥቷል። እኔ ግን በቀትር፣ ብቻዬን፣ የሥራ ልብሴን እንደለበስኩ ተናገርኩት።

የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነርስ ነኝ። እዚያ ከሚኖሩት መካከል አማርኛ ተናጋሪዋ አንዲት እናት ብቻ ነበሩ። ያላቸው ልጅ አንድ ነው፤ በየሐሙሱ ከሻአሪያ ሰፈር እየመጣ ጥፍራቸውን የሚቆርጥላቸው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ወንድማቸው ደወሉልኝ። ልጁ ሥራው ላይ እንዳለ ወድቆ ሞቷል፤ ቀብሩ ዛሬውኑ ከሰዓት በኋላ ነው።

«እንዳትሰማ፤ ነገ ጎህ ሲቀድ መጥተን እኛው እናረዳታለን» አሉኝ።

«አባባ፣ ቀብሩስ?»

«ለቀብሩ እኛ አለን።»

ስልኩን ዘግቼ ቆምኩ። አገር ቤት መርዶ የሚቆየው ብዙውን ጊዜ ሟቹ ሩቅ አገር ተቀብሮ ስላለቀ ነው፤ ዛሬ ሰሙ ነገ ሰሙ የሚያመልጣቸው ነገር የለም። እዚህ ግን መቃብሩ እዚሁ ከተማው ጫፍ ነው፤ እናቱም በእግራቸው የሚሄዱ፣ አእምሯቸው የተሟላ ሰው ናቸው። ምክንያቱ የቀረ ወግ ለማን ይጠቅማል አልኩ።

ለኃላፊዬ ነገርኳት። ባለፈው ወር ሁላችንንም ሰብስባ፣ ብስኩት ደርድራ፣ «የታዘዛችሁትን ብቻ አትሥሩ፤ አስቡ፣ ያልመሰላችሁን ተናገሩ» ያለችን እሷው ናት። መጀመሪያ ደረቷን ነፍታ «ሕጉ ግልጽ ነው፤ የማወቅ መብት አላቸው፤ ንገሪያቸው» አለች። ቤተሰቡ እንደማይፈልግ ስነግራት ድምጿ ወረደ።

«እንግዲያው ቤተሰቡ ይወስን። አንድ ነገር ቢሆኑ ጦሱ ለእኛ እንዳይተርፍ።»

«ትክክሉ የቱ ነው?» ብላት ሰዓቷን አየች። ደሜ ፈላ። ብስኩት እያበላች አስቡ ያለችን ሴትዮ፣ ማሰቢያው ሲመጣ እግሬ አውጪኝ አለች።

ወንድምየውን መልሼ ደውዬ ለመንኳቸው። «አባባ፣ አንድ ልጃቸውን አፈር ሳያለብሱ ሊቀሩ ነው እኮ።»

«ልጄ፣ እኛን ወጋችንን ልታስተምሪን ነው? አንቺ ሥራሽን ሥሪ፣ በሰደር? እሺ? ብትነግሪያት ግን ደጃፌን እንዳትረግጪ።»

እናትየው ምሳቸውን ጨርሰው መስኮቱ ዳር ተቀምጠዋል። ስገባ ፊታቸው በራ። «ነይ የኔ ልጅ፣ ተቀመጪ። ምነው ከሳሽ?» አሉኝ። ተንበርክኬ እጃቸውን ያዝኩና ነገርኳቸው። አልጮኹም። ነጠላዬን አቀብዪኝ ብለው አዘቅዝቀው ለበሱ።

በመኪናዬ ወሰድኳቸው። መቃብሩ ዘንድ ዘመድ ሁሉ ሲያየን ክው አለ። ወንድማቸው «እስከ ነገ ጧት ቆዪ ብያት ነበር!» ብለው ሲጮኹ እናትየውም ሰሙ። ከዚያ ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱ፤ በገዛ እጃቸው አፈር አለበሱት። ይህን ሳይ ደግ አደረግሁ ብዬ ልቤ ተረጋጋ፤ እውነቱን ለመናገር ኮራሁም።

ከቀብሩ መልስ ወደ ለቅሶው ቤት ወሰድኳቸው። ሻአሪያ፣ የልጃቸው ቤት ደጃፍ ስቆም ዞረው አዩኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ማልበሱንስ አለበስኩት» አሉ። «ግን ወንድሜ ልጄን እስከ ነገ ጧት ሊያቆይልኝ ነበር። አንቺ ዛሬ ገደልሽብኝ።»

ልደግፋቸው ስወርድ እጄን ገፋ አድርገው፣ ብቻቸውን ወደ ለቅሶው ገቡ።